ይርጋለም ደርሰህ ተመለስ

በ1970ዎቹ ሐዋሳ ውስጥ መኪና የነበረው ሰው ጥቂት ነው፤ የነበረውም ቢሆን የሚሄድበት ሩቅ ቦታ አልነበረውም። ከተማዋ ሜዳ ላይ የተዘረጋች፣ መንገዶቿ ቀጥ ያሉ፣ ከፒያሳ እስከ ሐይቁ ዳር በእግር የሚደረስባት ነበረች። ሰው የሚጓጓዘው በጋሪና በብስክሌት ነው። የሰፈራችን ልጆች መኪና ከሩቅ ሲመጣ በድምፁ ብቻ የማን እንደሆነ ይናገሩ ነበር። እኔን የሚስበኝ ግን ጠረኑ ነበር፤ በጭስ ማውጫው የሚወጣው ሳይሆን ከሞተሩ ሆድ የሚመጣው፣ ትኩስ ዘይት፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንና እንፋሎት የተቀላቀሉበት ጠረን። ያንን ጠረን ዛሬ ሐዋሳም ሆነ አዲስ አበባ ፈልጌ አላገኘውም። የት እንደገባ ግን አውቃለሁ።

ነገሩ ከሥሩ ሲታይ ቀላል ነው። ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚንና አየር ሲቃጠል ፒስተኑን ወደ ታች የሚገፋው ጋዝ በሙሉ በጭስ ማውጫው አይወጣም። ጥቂቱ ፒስተኑን ካቀፉት ቀለበቶች፣ ጋራዥ ውስጥ ፋሻ ከምንላቸው፣ ጎን ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። አዲስ ሞተርም ቢሆን ይህ አይቀርለትም። የወረደው ጋዝ መውጫ ካጣ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱም በየመገጣጠሚያው ባለው ጓርኒሲዮንና በሚዞረው ዘንግ ዙሪያ ዘይት በሚያግደው ፓራኦሊዮ በኩል ዘይት ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ሞተር የሚሠራ ሁሉ ለዚህ ትንፋሽ በር መተው ግዴታው ነው። ጥያቄው በሩ ወዴት ይከፈት የሚለው ነው። በእኔ ልጅነት አብዛኛው መልስ «ወደ መሬት» ነበር።

ከመናኸሪያው ብዙ በማይርቅ ቦታ፣ በትልቅ ግራር ሥር፣ ቆርቆሮ የለበሰ ጋራዥ ነበር። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። ሙያቸውን አስመራ ውስጥ፣ ጣሊያኖች ጋራዥ ተቀጥረው የተማሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እሳቸው ዘንድ እውል ነበር፤ መጀመሪያ ብሎን በማጠብ፣ በኋላ ቁልፍ በማቀበል።

መኪና ሲመጣላቸው ኮፈኑን ከፍተው መጀመሪያ የሚነኩት ካንዴላውን ወይም ካርቡራተሩን አልነበረም። ሞተሩ እንደተነሳ የዘይት መሙያውን ክዳን ይነቅሉና ከደብተሬ የተቀደደ ወረቀት አፉ ላይ ጣል ያደርጋሉ። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ክዳኑን ዝም ብለው ይመልሱታል። ከተንሳፈፈ «ትንፋሽ አለው» ይላሉ። ተገፍቶ ከወደቀ ግን ባለቤቱን ለብቻው ፈንጠር አድርገው ያነጋግሩታል፤ ፋሻው አልቋል ማለት ነውና። ፋሻ ለመለወጥ ሞተር መውረድ አለበት፣ ዕቃውም በዚያ ዘመን እንደ ልብ አይገኝም። ቱቦው ወደ መሬት የተከፈተ ሞተር ላይ ወረቀቱ እንዲሳብ አይጠብቁም ነበር። እዚያ የሚያዳምጡት ምቱን ነው። ምቱ እኩል ከሆነ ሲሊንደሮቹ ሁሉ አብረው አርጅተዋል፤ አንዱ ምት ከሌሎቹ ከበረታ አንዱ ፒስተን ለብቻው ተጎድቷል። በኋላ ተግባረ እድ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቼ ስማር የግፊት መለኪያ መሣሪያ በእጄ ያዝኩ። መሣሪያው የነገረኝ ሁሉ ወረቀቱ ይነግራቸው የነበረውን ነው።

አብዛኛው የሐዋሳ መኪና ግን ሕመሙ የፋሻ አልነበረም፤ የመንገድ ማጠር ነበር። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ከዚያ ጥቂቱ ከሚሾልከው ጋዝ ጋር ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ እንፋሎቱ በመተንፈሻው ይወጣል፤ ሳይሞቅ ከጠፋ ግን ቀዝቃዛው ብረት ላይ ውሃ ሆኖ ይቀራል። ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት፣ እሑድ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን፤ የሐዋሳ መኪና ኑሮ ይኸው ነበር። ሞተሩ ሳይሞቅ ይደረሳል። ክዳኑ ሲከፈት ከውስጥ በኩል ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ተለጥፎ ይገኛል። ዘይትና ውሃ ተንጠው የሠሩት ነው፤ ከሥሩ ያለው ብረት ደግሞ ዝጎ ይጠብቃል።

ጋሼ ለዚህ የሚያዝዙት ነገር አንድ ነበር፦ «ይርጋለም ደርሰህ ተመለስ።»

አንድ ቀን አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ፔጆ 404 ይዞ መጣ። መኪናው ዘይት እንደማይበላ፣ እንዲያውም መለኪያው ላይ ከፍ እያለ እንደመጣ በደስታ ነገራቸው። ጋሼ መለኪያውን መዘው አሸተቱት፤ ጫፉን በሁለት ጣታቸው መሐል አሹት። ከዚያ የተለመደውን ትእዛዝ ሰጡት። ሰውዬው ፊቱ ተለዋወጠ። «ምን ማለትዎ ነው ጋሼ? በኩፖን የታደለኝን ቤንዚን ለሽርሽር ላቃጥለው?» አላቸው። እውነት ነበረው፤ ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ጊዜ ነው፣ ለአንዷም ሊትር ሰልፍ አለ። «ልጄ» አሉት፣ «ቤንዚኑንማ ዘይቱ ውስጥ እያጠራቀምከው ነው። ዘይቱ ያልቀነሰው ውሃና ቤንዚን ስለተጨመረበት ነው። ይርጋለም ደርሰህ ተመለስ፣ ሞተሩ ትንፋሹን ይጨርስ፣ ዘይቱን እንደ ሞቀ እንቀይረዋለን።» ይርጋለም ከሐዋሳ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደርሶ መልስ ከአንድ ሰዓት በላይ ሞተሩ በሙሉ ሙቀት ይሠራል። ሰውዬው እያጉረመረመ ሄደ። ሲመለስ ከመተንፈሻው የሚወጣው እንፋሎት ቀጥኖ፣ ደርቆ ነበር። የተቀዳውን ዘይት ባልዲ ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ውሃ የመሰለ ቀጭን፣ የቤንዚን ጠረን የሚተፋ። ያ ዘይት ነበር የክራንክሻፍቱን ኩሽኔታ ሲጠብቅ የከረመው።

ሐዋሳ ውስጥ ከማንም በላይ በዚህ ነገር የምትጎዳው ቮልስ ነበረች። ቮልስ ለእኛ አገር ሰው ተራ መኪና አይደለችም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ መሆኑን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች፣ አንዷ ባለፈች ቁጥር በዓይናቸው ይሸኟት ነበር። ሞተሯ የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው። የዘይት ፊልተር የላትም፣ ወንፊት ብቻ ነው ያላት። ስለዚህ ወደ ዘይቱ የገባ ቆሻሻ እስኪቀየር ድረስ አብሯት ይዞራል። ሌላም ነገር አለ፤ እስካሁን ባሰብኩት ቁጥር የሚያስደንቀኝ። በፑሊዋ በኩል ፓራኦሊዮ የለም። በፓራኦሊዮው ምትክ ፑሊው አንገት ላይ እንደ ብሎን ጥርስ የተቆረጠ ቦይ አለ፤ ሲዞር ሊወጣ የሚሞክረውን ዘይት ወደ ውስጥ እየጠቀለለ ይመልሳል። ይህ የሚሠራው ግን ሞተሩ ውስጥ ግፊት እስካልተጠራቀመ ድረስ ነው። የመሐንዲሶቹ ሥራ ያማረው መተንፈሻው ክፍት ነው ብለው አምነው በመሥራታቸው ነው።

አንድ ጎረቤታችን፣ የሠሯትን መሐንዲሶች እምነት ሳያውቅ፣ የመኪናው ውስጥ ዘይት ዘይት ይሸታል ብሎ ተቆጣ። ቮልስ የምትሞቀው ከሞተሩ ቤት በሚመጣ አየር ስለሆነ ሽታው እውነት ነው። ሰውዬው ከሞተሩ ወደ ታች የሚወርደውን ቱቦ በበቆሎ ቆረቆንዳ ጠቅጥቆ ዘጋው። ሽታው ለጥቂት ቀናት ቀነሰ። ከዚያ ዘይቱ በፑሊው በኩል መትፋት ጀመረ፤ ቺንጋው ላይ፣ ቆርቆሮው ላይ፣ መከላከያው ላይ። የሐዋሳ አቧራ ተጣበቀበትና ጭቃ ሆነ። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ጭቃ ሲለብስ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። ጋሼ ቆረቆንዳውን በጉጠት ሲያወጡ አንድም የቁጣ ቃል አልወጣቸውም። ሞተሩን ለማጠብ ግን ሙሉ ቀን ፈጀብን። በዚያ ቀን ነው የሞተር መተንፈሻ ቀልድ እንዳልሆነ ልቤ የገባው።

የጭነት መኪኖቹ ነገር ከዚህ ይለያል። ከይርጋለምና ከአለታ ወንዶ፣ ከዲላም ቡና ጭነው የሚመጡት ኤንትሬዎች፣ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ የናፍጣ ሞተር የተሸከሙ ፊያቶች፣ ትንፋሻቸውን የሚለቁት በቱቦ ወደ መሬት ነው። ቱቦው ጫፉ ሰያፍ ተቆርጦ ወደ ኋላ የዞረ ነው፤ መኪናው ሲሮጥ ከሥር የሚያልፈው አየር ከቱቦው ውስጥ ያለውን ይስበዋል። አሜሪካኖችና እንግሊዞችም ለብዙ ዓመታት መኪኖቻቸውን የሠሩት በዚሁ ብልሃት ነው። ብልሃቱ ግን ፍጥነት ይፈልጋል፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ካልተሮጠ ቱቦው ብዙም አይስብም። ሐዋሳ መሐል ከተማ፣ በጋሪና በብስክሌት፣ በፍየልና በሕፃናት መሐል፣ ማን 40 ይሮጣል? ኤንትሬው ቆሞ ጆንያ ሲጫንበት ሞተሩ አይጠፋም፤ ቱቦው ከሥሩ ጥቁር ጠብታ ያንጠባጥባል። የቆመባቸው ቦታዎች ሁሉ በየመንገዱ ዳር በጥቁር ክብ ምልክት ይታወቁ ነበር።

ያ ጥቁር ክብ በክረምት ዝናብ ሲታጠብ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። የሐዋሳ ጎርፍ መድረሻው ሐይቁ ነው። ሐይቃችን ደግሞ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ከሚገባው ቆሻሻ አብዛኛው እዚያው ይቀራል፤ ውሃው ግን በፀሐይ ይተናል። አሞራ ገደል ላይ ዓሣ ሲሸጥ እየበላን ያደግን ልጆች ይህን ማንም ሳያስተምረን እናውቅ ነበር፤ ከመኪኖቹ ቱቦ ጋር አገናኝተን ግን አላሰብነውም። አገናኝተው ያሰቡት ጋሼ ናቸው። «ትንፋሹ መሬት ላይ ከሚፈስ ሞተሩ ራሱ ይብላው» ይሉ ነበር። ይህ አባባል የዓለም የመኪና ኢንዱስትሪም ቀደም ብሎ የደረሰበት መደምደሚያ መሆኑን ያወቅኩት ተግባረ እድ ስገባ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ታንክና ጂፕ ወንዝ ሲሻገሩ ክፍት መተንፈሻ ውሃ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ስለዚህ ትንፋሹን በቱቦ ወደ ራሱ ሞተር የአየር መግቢያ መልሶ የሚያስገባ ዘዴ ተበጀ። ጦርነቱ ሲያልቅ ዘዴው ለጊዜው ችላ ተባለ። በ1950ዎቹ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የሎስ አንጀለስ ሰማይ በቡናማ ጉም ሲሸፈን አሪ ሃገን-ስሚት የተባሉ የካልቴክ ኬሚስት ጉሙ ከመኪናና ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጣ ያልተቃጠለ ነዳጅ በፀሐይ ብርሃን ተለውጦ የሚፈጥረው መሆኑን አሳዩ። ሰው ሁሉ ጭስ ማውጫውን ሲያይ፣ አንድ መኪና ከሚለቀው ያልተቃጠለ ነዳጅ አንድ አምስተኛ ያህሉ ከሞተሩ ሆድ በመተንፈሻው በኩል እንደሚወጣ ታወቀ። ከ1961 ሞዴል ጀምሮ ካሊፎርኒያ የሚሸጡ የአሜሪካ መኪኖች ትንፋሹን መልሶ የሚያስገባ ቫልቭ ተገጠመላቸው፤ በ1963 በመላው አሜሪካ ተከተለ። መኪና ላይ ለአየር ጥራት ተብሎ የተገጠመ የመጀመሪያው ዕቃ ይህ ነው። ጣት የሚያክል፣ ውስጡ ስፕሪንግና ትንሽ ዘንግ ያለው፣ ዋጋውም ኢምንት የሆነ ዕቃ። ያን ያህል ትንሽ ነገር ያን ያህል ብዙ መርዝ መመለስ መቻሉ ዛሬም ልቤን ያሞቀዋል።

ጋሼ ያንን ቫልቭ መጀመሪያ ያዩት አንድ የቤንዚን ላንድክሩዘር ላይ ነበር። ነቅለው ጆሯቸው አጠገብ ነቀነቁት፤ ቃጭ ቃጭ አለ። «ይሠራል» አሉ፣ ድምፅ ባይሰጥ ዘንጉ በዝቃጭ ተይዟል ማለት ነው። ከዚያ ለሰዓታት ሲያዩት ቆዩ። ሞተሩ ሳይጫን ሲሠራ ካርቡራተሩ ሥር ያለው ስበት ይበረታል፤ ዘንጉ ይሳብና መንገዱን ያጠበዋል። ሞተሩ ሲጫን ስበቱ ይደክማል፣ ስፕሪንጉ ይገፋል፣ መንገዱ ይሰፋል፤ ትንፋሹም የሚበዛው ያኔ ነው። ካርቡራተሩ ተኩስ ቢመልስ ደግሞ ዘንጉ ወደ ኋላ ሄዶ ይዘጋል፣ እሳቱ ወደ ዘይቱ አይደርስም። አንድ ችግር ግን ነበር። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በ18 በመቶ ያህል ያንሳል፣ ስበቱም በዚያው ልክ ደካማ ነው። ቫልቩ የተሠራው ግን ለባሕር ጠለል ከፍታ ነው። ጋሼ ይህን በቁጥር አላሰሉትም። ካርቡራተር ሲያስተካክሉ ግን ቱቦው ተነቅሎ ሳይሆን እንደተገጠመ ነበር የሚያስተካክሉት፤ ሌሎች ነቅለው አስተካክለው ሲመልሱት ሞተሩ ይንቀጠቀጥባቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነው ጋሼ የድሮ መኪኖችን ቱቦ ከመሬት ወደ አየር ማጣሪያ ማዞር የጀመሩት። በቀጥታ ማገናኘት አይቻልም፤ ትንፋሹ የሚይዘው የዘይት ጠል ካርቡራተሩን ያጨቀየዋል። ስለዚህ ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይወስዱና ሁለት አንገት ያስበይዱበታል፤ ውስጡን በብረት ሱፍ ይሞሉታል። ትንፋሹ በአንዱ ገብቶ ሱፉ ላይ ዘይቱን ጥሎ በሌላው ይወጣል፤ የተጠራቀመው ዘይት በቀጭን ቱቦ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ለላንድሮቨርም ለአሮጌ ቮልስም ሠርተዋል። ለዚህ ሥራ የሚያስከፍሉት እጅግ ትንሽ ነበር፤ አንዳንዴም ጨርሶ አያስከፍሉም። ደንበኛው ይህን ካልፈለገ አይጫኑትም፤ ግን ሁልጊዜ ይጠይቁታል።

ላዳ ሲመጣ ሌላ ትምህርት መጣ። ላዳ ከጣሊያኑ ፊያት 124 የተወረሰ ስለሆነ መተንፈሻው ከመጀመሪያውም ዝግ ነው፤ ቱቦው ወደ አየር ማጣሪያው ይሄዳል፣ ውስጡም እሳት የሚያግድ ወንፊት አለበት። ወንፊቱ በዝቃጭ ሲደፈን ብዙ ሾፌር አውጥቶ ይጥለው ነበር። ወንፊቱ ከሌለ የካርቡራተሩ የመልስ ተኩስ ወደ ዘይቱ ጋዝ መግባት ይችላል። ጋሼ የተጣሉ ወንፊቶችን ከየቦታው ሰብስበው በቤንዚን አጥበው ያስቀምጡ ነበር፤ ጋራዥ የመጣ ላዳ ሁሉ ወንፊቱ ካልተገኘበት አንዱን ሳይነግሩት ይገጥሙለታል። ስለ አቧራም ቢሆን እንዲሁ ነበሩ። የሐዋሳ መሬት እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፣ አቧራው ቀጭንና ስለታም። ሞተር ሲቀዘቅዝ በመተንፈሻው አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ አቧራውም አብሮ ይገባና ፋሻውን ይፈጫል። የላንድሮቨር የዘይት ክዳን ውስጥ ያለውን የሽቦ መረብ በየጊዜው አጥበን፣ ዘይት ነክረን እንመልሰው ነበር። መንገዶቹ አስፋልትና ኮብልስቶን ከመልበሳቸው በፊት ያንን ያላደረገ ሰው ሞተሩን በራሱ እጅ ይፈጨዋል።

ዛሬ ጋሪው ሄዶ ባጃጅ መጥቷል፣ ከተማዋም ታቦር ተራራን አልፋ ሄዳለች። ጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነግሯል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት ደግሞ ዘይት የሞላበት ሆድ የላቸውምና የሚተነፍሱት ነገር የለም። ለሐይቁ ይህ መልካም ነው፤ ከልቤ ደስ ይለኛል። ግን ጋሼና የእሳቸው ዘመን መካኒኮች፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ በወተት ቆርቆሮ የጀመሩት ሥራ ሳይመዘገብ መቅረቱ ያሳዝነኛል። የአየር ብክለት ሕግ ይኑር አይኑር ሳይጠይቁ፣ መውጫ የሌለው ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው ትንፋሹን መሬት ላይ መልቀቅ ነውር ነው ብለው አመኑ፤ ያመኑትንም በእጃቸው ሠሩት። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ስለ ሞተር ሲማሩ የእነዚህ ሰዎች ሥራ በምሳሌነት ቢቀርብላቸው ምንኛ ደስ ባለኝ።

በቅርቡ ወጣቶች አሮጌ ቮልሶችን ገዝተው ማደስ ጀምረዋል፤ ቀለማቸውና ክሮማቸው ያበራል። ኮፈን ሲከፈት የማየው አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ከዘይት መሙያው ወደ አየር ማጣሪያው የሚሄደው ቱቦ በውሃ ጎማ ተተክቷል። የውሃ ጎማ የዘይትና የቤንዚን ትነት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ከውስጥ ተጣብቆ ይዘጋል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ደህና ነው። የሚገዛው ዘይት የሚችል የነዳጅ ጎማ ነው፤ ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል። የገጠማችሁት የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ አንዱን ጫፍ ንቀሉና በሁለት ጣት ጨምቁት፤ ሲለቀቅ ካልተመለሰ ዛሬውኑ ቀይሩት።